ቀን ያልተቆረጠለት እስር

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ጃኬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ማይክል ጆንስ የተባለ ሰው ከአንድ ትልቅ መደብር ጃኬት ሊሰርቅ ሲል ተያዘ። ልብ በሉ፣ ሰረቀ እንኳ አልተባለም፤ ሊሰርቅ ሞከረ ነው የተባለው። ለዚህ ክስ ሕጉ ያስቀመጠው ትልቁ ቅጣት አንድ ዓመት እስራት ነበር። ሐኪሞች መረመሩትና ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም አለበት አሉ። ዐቃቤ ሕግም አልተከራከረም። ፍርድ ቤቱ «በሕመምህ ምክንያት ጥፋተኛ አይደለህም» ብሎ ሴንት ኤልዛቤትስ ወደሚባለው የአእምሮ ሆስፒታል ላከው።

ጥፋተኛ አይደለህም! ከዚህ በላይ ምን ደስ የሚል ቃል አለ?

አንዱ ዓመት አለፈ፤ ሰውየው አልወጣም። ሁለተኛው አለፈ፤ ሦስተኛው አለፈ። ጠበቆቹ «ጥፋተኛ ተብሎ ቢሆን ኖሮ በዓመቱ ቤቱ ይገባ ነበር፤ አሁን ወይ ልቀቁት፣ ወይ ወንጀል ውስጥ እንዳልገባ እንደማንኛውም ሕመምተኛ በሌላው ሥርዓት ጉዳዩን እዩለት» ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1983 ውሳኔው ሲሰጥ ሰውየው ከሰባት ዓመት በላይ ተይዞ ነበር። ዘጠኙ ዳኞች አምስት ለአራት ተከፈሉ። አምስቱ ያሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ሆስፒታል መቆየት ቅጣት አይደለም፤ ቅጣት ስላልሆነም በቅጣት ዘመን አይለካም፤ እስኪሻለው ወይም አደገኛ መሆኑ እስኪቀር ድረስ ይቆያል።

«ቅጣት አይደለም» የምትለዋን ሐረግ ያዙልኝ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ እሷ ነው። አንድን ሰው ከነቅጣቱ ብታስሩት ቀኑን ታውቁታላችሁ፤ እሱም ያውቀዋል። እስር ቤት ውስጥ ፍርደኛ የሆነ ሰው አመክሮውን ቀንሶ «ይህን ያህል ቀረኝ» ይላል። ቀጠሮ እስረኛም ቢሆን የሚቀጥለውን ቀጠሮ ያውቃል። «አሞሃልና አንቀጣህም» የተባለው ሰው ግን ፍርደኛም አይደለም፣ ቀጠሮ እስረኛም አይደለም። የሚቆጥረው ቀን የለውም። እንዲህ ያለው ሰው ቁጥር ደግሞ በብዙ አገር እየጨመረ ነው የመጣው።

ሰዉ ግን የሚያስበው ተቃራኒውን ነው። የአእምሮ ሕመም መከራከሪያ ሆኖ ሲቀርብ ስንሰማ መጀመሪያ የሚመጣልን «አመለጠ!» የሚለው ነው። «እብድ መስሎ አመለጠ» እንላለን፣ ታክሲ ውስጥም ካፌ ውስጥም። አሜሪካኖችም እንደዚያው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 ጆን ሂንክሊ የተባለው ወጣት ተዋናይቷን ጆዲ ፎስተርን አስደንቃለሁ ብሎ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገንን ተኩሶ አቆሰለ (እናንተዬ፣ ፍቅር ስንት ዓይነት ነው!)። በ1982 «በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም» ሲባል አገሩ በቁጣ ነደደ፤ በ1984 ኮንግረሱ ሕጉን አጥብቆ የማስረዳቱን ሸክም በተከሳሹ ላይ ጣለው። ሦስት አራት ክፍላተ ሀገሮች ደግሞ ይህን መከራከሪያ ጨርሰው ሰረዙት። «አመለጠ» የተባለው ሂንክሊ ግን ሆስፒታል የገባው በ27 ዓመቱ ነው። ከሆስፒታል ወጥቶ ከእናቱ ጋር እንዲኖር የተፈቀደለት በ2016 ሲሆን ዕድሜው 61 ነበር። ያለ ምንም ገደብ ነጻ የሆነው በ2022 ነው። ይህ ማምለጥ ከሆነ መያዝ ምን ሊሆን ነው?

ሂንክሊ መቆየቱ አግባብ አልነበረም እያልኩ አይደለም። ፕሬዚዳንትና ሌሎች ሦስት ሰዎችን ያቆሰለ ሰው ነው። ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ ለጉብኝት፣ ከዚያ ለቀናት፣ ከዚያ ለሳምንታት እየተፈቀደለት፣ በየጊዜው ዳኛ እያየው ነው የወጣው። ጠበቃ ነበረው፣ አቅም ያላቸው ወላጆች ነበሩት፣ ጋዜጠኛም ይከተለው ነበር። የጃኬቱን ሰውዬ ግን ማን ይከተለዋል?

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1955 በክፍላተ ሀገሮቿ የአእምሮ ሆስፒታሎች ወደ 560 ሺህ የሚጠጋ ሕመምተኛ ነበራት። አብዛኛው ወንጀል ውስጥ ያልገባ ሰው ነው፤ ቤተሰብ ያመጣው፣ ፖሊስ ያነሣው፣ ተረስቶ የቀረ። ከዚያ አዳዲስ መድኃኒቶች መጡ፣ ስለ ሆስፒታሎቹ አያያዝ ጉድ ተጻፈ፣ መንግሥትም ወጪ መቀነስ ፈለገ። «በየሰፈሩ ሕክምና እናቆማለን፣ ትልልቆቹን እንዘጋለን» ተባለ፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 ሕጉን ፈረሙ። መዝጋቱ ተሳካ። በየሰፈሩ ማቆሙ ግን… እሱ ግንባታው ሳያልቅ ገንዘቡ አለቀ እንደሚባለው ቤት ነው የሆነው። ዛሬ የቀረው አልጋ ከ40 ሺህ በታች ነው። ከዚያም ውስጥ ከግማሽ በላዩ የተያዘው በፍርድ ቤት ትእዛዝ በመጡ ሰዎች ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ አስቡት። አልጋው ጥቂት ነው፤ ጥቂቱንም ፍርድ ቤት ይወስደዋል። እናት ልጇ ሲታመም ይዛ ብትሄድ ቦታ የለም ትባላለች። ልጁ የጎረቤት መስኮት ከሰበረ በኋላ ግን ቦታ ሊገኝለት ይችላል፤ ያውም ከስንት የእስር ቤት ወረፋ በኋላ። በዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ2015 የሲያትል ፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ማርሻ ፔክማን «ለመዳኘት ብቁ መሆኑ እንዲመረመር ወይም እንዲታከም የታዘዘለትን ሰው ሳምንታት በእስር ቤት አታቆዩ፣ በሰባት ቀን ሆስፒታል አስገቡት» ብለው ወሰኑ። አስተዳደሩ አልቻለም። በ2023 ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ታዘዘ። መቶ ሚሊዮን ዶላር! ቀድሞ ሕክምና ጣቢያ ቢሠራበት ኖሮ ትላላችሁ።

ጀርመንም ውስጥ የሆነው ከዚህ አይርቅም። በምዕራቡ ክፍል በወንጀል ሕጉ መሠረት ጊዜው ሳይወሰን በአእምሮ ሆስፒታል የተያዙ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ 2,500 ነበሩ። በ2013 ከ6,500 በላይ ሆኑ። ጀርመኖች በሃያ ዓመት ውስጥ በእጥፍ ተኩል አላበዱም። ሆስፒታል የሚገባው በዝቷል፣ የገባው ደግሞ የሚወጣው ዘግይቶ ነው።

ለምን ይዘገያል? እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ምክንያት ፊርማ ነው። አንድ ሐኪም «ይህ ሰው ቢወጣ ችግር የለውም» ብሎ ፈረመ እንበል፤ ዳኛውም ተስማማ። ከመቶ አንዱ ወጥቶ ሰው ቢጎዳ የሐኪሙም የዳኛውም ስም ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ «ማን ፈታው?» ይባላል። «ለጊዜው ይቆይ» ብሎ የፈረመውስ? መውጣት የነበረባቸው ዘጠና ዘጠኙ ያለ ጥቅም አሥር ዓመት ቢቀመጡ ማንም ስሙን አያነሣም። ለሚፈርመው ሰው «ይቆይ» ምንጊዜም ርካሽ ነው። ክፉ ሰው መሆን አያስፈልግም፤ ጠንቃቃ መሆን ብቻ ይበቃል። እኛ ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ደግሞ ይቺን ርካሽነት የምናደምቃት ነን፤ የወጣው ሲያጠፋ ዜና ነው፣ ያልወጣው ሲያረጅ ዜና አይደለም።

ጉስትል ሞላት ይህን ፊርማ በራሱ ላይ ያየ ጀርመናዊ ነው። ሚስቱን ደብድቧል፣ የመኪና ጎማ ቀድዷል ተብሎ ተከሰሰ። እሱ ደግሞ ሚስቱ በምትሠራበት ባንክ በኩል ገንዘብ በድብቅ ወደ ስዊዘርላንድ ይሄዳል እያለ ለባለሥልጣናት ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የኑረምበርግ ፍርድ ቤት ከቅጣት ነጻ አድርጎ ሆስፒታል አስገባው፤ የገንዘቡ ነገርም የሕመሙ ምልክት ሆኖ ተቆጠረ። በ2012 ይፋ የሆነው ግን የባንኩ የራሱ የውስጥ ምርመራ በ2003 «ሊጣራ የቻለው የሞላት ክስ ሁሉ እውነት ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ውጤት ላይ ደርሶ እንደነበር ነው። በ2013 ተለቀቀ፤ በ2014 ጉዳዩ እንደገና ታይቶ ነጻ ወጣ። ሰባት ዓመት ሄዷል። በየጊዜው ግምገማ ነበር እኮ! ግን ገምጋሚው ሁሉ የቀደመውን ወረቀት እያየ ነበር «አሁንም ያው ነው» የሚለው። በእውነቱ ላይ በጸና ቁጥር «ሕመሙን አይቀበልም» ተባለ። ከዚህ በኋላ ነው ጀርመን በ2016 ሕጓን ያሻሻለችው፦ ሰው ከስድስት ዓመት በላይ እንዲያዝ ከባድ ጉዳት የማድረስ አደጋ መኖሩ መታየት አለበት፤ ከሆስፒታሉ ውጭ የሆነ ባለሙያም ቶሎ ቶሎ እንዲያየው ተደረገ።

ጣሊያኖች ደግሞ ከዚህም ርቀው ሄዱ። (ከእነሱ ማኪያቶና ፓስታ ብቻ አይደለም መውሰድ የሚገባን።) ተራዎቹን የአእምሮ ሆስፒታሎች በ1978 በፍራንኮ ባዛልያ ስም በሚጠራው ሕግ መዝጋት ሲጀምሩ ወንጀል የፈጸሙ ሕሙማን የሚያዙባቸው ስድስት ተቋማት ግን እንደነበሩ ቀሩ። ሕዝቡ እዚያ የሚቆየውን ሰው ዕጣ «ነጩ የዕድሜ ልክ እስራት» ይለው ነበር፤ የቆይታ ትእዛዙ እየታደሰ፣ እየታደሰ… እስከ ሞት። የሴኔት ኮሚቴ በኢግናሲዮ ማሪኖ መሪነት ሳይነገር በድንገት ገብቶ ቀረጸ፤ ጣሊያን በቴሌቪዥን አልጋ ላይ የታሰሩ ሰዎችን አየች። በ2014 የወጣው ሕግ ተቋማቱ በመጋቢት 2015 እንዲዘጉ አዘዘ፤ የመጨረሻዎቹ ሰዎች በ2017 ወጡ። በምትካቸው ከ20 አልጋ የማይበልጡ፣ ጠባቂ ሳይሆን ጤና ባለሙያ የሚመራቸው ቤቶች ተከፈቱ። እኔ ከሁሉ የወደድኩት ግን ይቺን አንቀጽ ነው፦ ማንም ሰው ለዚያ ወንጀል ሕጉ ካስቀመጠው ከፍተኛ የእስራት ዘመን በላይ በዚህ መንገድ አይያዝም። ለማይክል ጆንስ የተነፈገው ይኸው ነበር።

ጣሊያን ገነት ሆነች እያልኩ አይደለም። አልጋው ትንሽ ስለሆነ ወረፋው ረዘመ። ወደ አዲሶቹ ቤቶች እንዲገባ የታዘዘለት አንድ ሕመምተኛ ቦታ ጠፍቶ ተራ እስር ቤት ውስጥ ስለቆየ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በጥር 2022 ጣሊያንን ጥፋተኛ ብሏታል። ሰዓት ብቻ ሰቅሎ አልጋ ካልሠሩ ነገሩ በሌላ በር ይመለሳል።

ወደ እኛ ቤት እንምጣ። እኛ ጋ ይህ ሁሉ ታሪክ በአንድ ስም ይጠቃለላል፦ አማኑኤል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው ሆስፒታል ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛው ልዩ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ስሙ የስድብ ያህል ሆኗል፤ «አማኑኤል ይውሰዱሽ» ተብዬ አድጌያለሁ፣ እናንተም እንደዚያው። ብዙ ቤተሰብ ሕመሙን ሲደብቅ፣ ጸበል ሲያመላልስ፣ ቤት ሲዘጋበት ቆይቶ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። አንዳንዱ ሕመምተኛም ሐኪም ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀርበው ፖሊስ ይዞት ነው።

ሕጋችን ግን፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ መጥፎ ሕግ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በሕመም ምክንያት የሚያደርገውን የማያውቅ ወይም ራሱን መግዛት የማይችል ሰው አይቀጣም ይላል። ጥርጣሬ ሲኖር ዳኛው ባለሙያ ያስመረምራል፤ ሆኖም ሐኪሙ ሕመሙን ይናገራል እንጂ የሕጉን መደምደሚያ የሚሰጠው ዳኛው ነው። ከዚያ ከአንቀጽ 129 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች ፍርድ ቤቱ ሰውየው እንዲታከም ወይም ለሕዝብ አደገኛ ከሆነ በተገቢ ተቋም ተጠብቆ እንዲቀመጥ ያዛል። ለስንት ጊዜ? ላልተወሰነ ጊዜ። እዚህ ላይ ከጃኬቱ ሰውዬ ጋር አንድ ነን። ግን ሕጉ አንድ ነገር ጨምሯል፦ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን በየሁለት ዓመቱ እንደገና ያየዋል።

ሁለት ዓመት! ብዙ ሀብታም አገር ተጨቃጭቆ ያገኘውን ሰዓት እኛ በወረቀት ላይ አለን። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ሁለቱን ዓመት ማን ይቆጥራል?

ራሱ ሕመምተኛው እንዳትሉኝ፤ የታዘዘበት ምክንያት ማወቅ አለመቻሉ ነው። ቤተሰቡ? የአእምሮ ሕመምተኛ ሰው ሲጎዳ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው አጠገቡ ያለውን ነው፤ እናቱን፣ ወንድሙን፣ ሚስቱን። ልጅዋን የገደለባትን ሌላውን ልጅዋን «መዝገቡ ይታይልኝ» ብላ ፍርድ ቤት የምትመላለስ እናት ካለች ቅድስት ናት፤ ሕግ ግን በቅዱሳን አይሠራም። ጠበቃው? ሕገ መንግሥታችን መንግሥት ጠበቃ ያቁምላቸው የሚለው ስለተከሰሱ ሰዎች ነው፤ ይህ ሰው ደግሞ ክሱ አልቆለታል፣ ጥፋተኛ አይደለም ተብሏል። ዐቃቤ ሕግ ምን አስቸኮለው? ሆስፒታሉም ሐኪም ቤት እንጂ ሬጅስትራር አይደለም። ፍርድ ቤቱስ? ውሳኔ ያነበበ ሰው የመጨረሻዋን መስመር ያውቃታል፦ መዝገቡ ተዘግቷል፣ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ። እንዴት አድርጎ ነው የተዘጋ መዝገብ በሁለት ዓመቱ ራሱን አቧራ አራግፎ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው?

ይህን ለአንዲት ጓደኛዬ ሳነሣባት «አንቺ ደግሞ፣ ለገዳይ ነው የምታዝኚው? የሞተበትን ቤተሰብ አስበሽዋል?» አለችኝ። አስቤዋለሁ። ሐዘንተኛ ቤተሰብ ገዳዩ ሰፈር ውስጥ ሲሄድ ማየት የለበትም ብትል እስማማለሁ፤ ቢያንስ ሳይነገረው፣ ሳይዘጋጅበት አይሁን። ግን ዓመቱን መቁጠር በሩን መክፈት ማለት አይደለም። በሁለት ዓመቱ ዳኛው መዝገቡን አይቶ፣ ሌላ ሐኪም ሰምቶ፣ የተጎጂውን ቤተሰብም ጠርቶ «አሁንም አደገኛ ነው፣ ይቆይ» ሊል ይችላል። ይበል! ምክንያቱን ጽፎ፣ ቀጣዩን ቀን ቆርጦ ይበል። እኔን የሚያሳስበኝ ማንም «ይቆይ» ሳይለው የሚቆየው ነው። ደግሞስ ትልቁን ገዳይ ብቻ ለምን እናስባለን? ጃኬት የሞከረውም፣ መስኮት የሰበረውም፣ ባለሥልጣን የሰደበውም በዚሁ በር ነው የሚገባው።

የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም (አልጋውና ሐኪሙ ይፈልጋል፣ እሱን አልክድም)። እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሰጠ ችሎት መዝገቡን ከመዝጋት ይልቅ የሁለት ዓመቱን ቀጠሮ እዚያው ውሳኔው ላይ ይጻፍ፤ ለአንድ ሺህ ብር የገንዘብ ክርክር ቀጠሮ የሚሰጥ ፍርድ ቤት ለዚህ አያንሰውም። ተከላካይ ጠበቃው ከፍርዱ ቀን በኋላም ከሰውየው ጋር ይቆይ። በግምገማው ቀን የሚሰማው ሐኪም የሚያክመው ብቻ አይሁን፤ ሞላትን ሰባት ዓመት ያስቀመጠው ወረቀት ከወረቀት መቅዳት ነው። በዓመት አንድ ጊዜም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚህ አንቀጽ ስንት ሰው እንደተያዘ፣ የስንቱ ትእዛዝ እንደታየ ቁጥሩን ያውጣ።

ችሎት የምትዘግቡ የሙያ ጓደኞቼ፣ ትምህርት ቤት ያስተማሩን ክሱን፣ ምስክሩን፣ ፍርዱን መጻፍ ነው፤ «በአእምሮ ሕመም ምክንያት ከኃላፊነት ነጻ ሆኗል» ብለን ነጥብ እናደርጋለን። የሚቀጥለው እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲነበብ የመዝገብ ቁጥሩንና ቀኑን ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉት። ውሳኔው ሰኔ ላይ ከተሰጠ በሁለት ዓመቱ ሰኔ ላይ ያንኑ ቁጥር ይዛችሁ ሬጅስትራር ቢሮ ሂዱና መዝገቡ የት እንዳለ ጠይቁ። ምን ብለው እንደመለሱላችሁ እኔም መስማት እፈልጋለሁ።